የሹፌሩ እግርና ፍል ውሃው

ሰዎቹን ላስተዋውቅ። ጋሼ ጉታ፣ የናዝሬት ሰው በሳቃቸው የሚያውቃቸው የኤንትሬ ጭነት መኪና ሹፌር። ባለቤታቸው ወይዘሮ አስካለ፣ ገበያ ላይ ሽንኩርት ቸርቻሪ። ሲስተር ፀዳለ፣ የሆስፒታላችን የቁስል ክፍል ኃላፊ። አራተኛው እኔ ነኝ፤ በጽዳት ሠራተኝነት ተቀጥሬ ቁስል ማጠብና ማሸግ እያየሁ የተማርኩ። ዘመኑ የደርግ ነው።

ድሬሰር፣ ማለትም ቁስል አሻጊ፣ ተብዬ ሥራ በጀመርኩበት ቀን ሲስተር ነጭ ጋዋን ሰጡኝና፣ «መጀመሪያ እጅህን ታጠብ፤ ከዚያ ዝም ብለህ ተመልከት» አሉኝ። ወዲያው ጋሼ ጉታ፣ «አካም ጅርቱ!» ብለው በኦሮምኛ ሰላም እያሉ ግራ እግራቸውን ጎተት አድርገው ገቡ።

«ካልሲዬ ሲረጥብብኝ ላብ መስሎኝ ነበር፤ ደም ነው።»

ከአውራ ጣታቸው ሥር ውስጥ እግራቸው ተቦድሷል። ሲስተር ጫማቸው ውስጥ እጃቸውን ሲሰዱ ከሶሉ ብቅ ያለ ምስማር አገኙ።

«ይህን ረግጠው ከየት መጡ?»

«ከአሰብ።»

«ያን ሁሉ መንገድ ፍሪሲዮን ሲረግጡ አልወጋዎትም?»

«ምንም!» ብለው ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ሲስተር ግን አልሳቁም። «የሚጮኸው በሽተኛ አያስፈራኝም፤ የሚያስፈራኝ እንዲህ ያለው ነው» አሉ።

ሽንታቸውን ከሰማያዊው የስኳር መመርመሪያ ፈሳሽ ጋር አፍልተን ብናየው የሸክላ ቀለም ያዘ። ስኳር ነው። ሲስተር ያን ቀን ያስረዱኝን እስከ ጡረታዬ ሠራሁበት። ስኳር ሲበዛ የእግር ነርቭ ይደነዝዛል፣ ሰውዬው መቁሰሉን አያውቅም። የደም ሥር ይጠባል፣ ቁስሉን የሚጠግነው ደም እንደልብ አይደርስም። ሰውነት ጀርም የሚዋጋበት ኃይልም ይደክማል። ሦስቱ አንድ ላይ ሲገጥሙ ትንሿ ቁስል አልድን ትላለች።

ሕክምናው ውበት የለውም። የሞተውን ሥጋ በመቀስና በፒንሳ እያነሳን ቀዩ እስኪታይ እናጸዳለን፣ በተመጠነ የጨው ውሃ እናጥባለን፣ በእርጥብ ጎዝ እናሽጋለን። ኢንሱሊን በየቀኑ ይወጋል፤ ካመረቀዘ ፔኒሲሊን ይጨመራል። ከሁሉ የሚከብደው እግሩን አለመርገጥ ነው።

«የቀበሌ ስብሰባ ያላስቀመጠኝን ሰውዬ እርስዎ ሊያስተኙኝ ነው?» አሉ ጋሼ ጉታ።

ሐኪሙ መጡና እቅጩን ነገሯቸው። «ካልተኙ እግሩ ይቆረጣል። የልጆችዎ እንጀራ ያለው ፍሪሲዮኑ ላይ ነው፤ ይምረጡ።»

ተኙ። ቁስሉም ቀላ፣ ጠበበ። እኔን «ጓድ ፋሻ» ብለው ሰየሙኝ። «ጓድ ፋሻ፣ ዛሬስ ስንት ሜትር ልትጠመጥምብኝ ነው?»

የቀረውን ቤታቸው ተኝተው እየተመላለሱ እንዲታሸጉ ተፈቀደላቸው። በእኛ አካባቢ ደግሞ ወገብም ይመም ጉልበት፣ መድኃኒቱ የሶደሬ ፍል ውሃ ነው። ሹፌር ጓደኞቻቸው ጭነው ወሰዷቸው። ውሃው ከሚፈልቅበት ጠርዝ ላይ ሌሎቹ ጣታቸውን ነክረው እየጮኹ ሲሸሹ፣ ጋሼ ጉታ የታመመውን እግር ነክረው ቁጭ አሉ። «እናንተ ፈሪዎች፣ ለብ ያለ ነው እኮ!» ሁሉም አደነቃቸው።

ሲመለሱ እግሩ እንደተቀቀለ ድንች ተልጧል።

«ወይኔ ሲስተር፣ ይሂድ ያልኩት እኔ ነኝ!» አሉ ወይዘሮ አስካለ። «ለቁስል ፍቱን ነው ሲሉኝ!»

«ሌላውን እያቃጠለ ለእሳቸው ለብ ያለ ከሆነ፣ የተለየው ውሃው አይደለም፤ እግራቸው ነው» አሉ ሲስተር።

ሁለት ጣቶች ጠቆሩ። ሐኪሙ ቆረጧቸው፤ ትሪውን የያዝኩት እኔ ነበርኩ። ጋሼ ጉታ ሲነቁ፣ «ጓድ ፋሻ፣ ሥራ ቀነስኩልህ» አሉኝ። እኔ ጠባዬ ነውና ተቆጣሁ።

«ጋሼ፣ ልጆች አሉዎት! ጀግንነቱን ለሌላ ቀን ያቆዩት!»

«አንተ ልጅ፣ ልክ እንደ አባቴ ትጮህብኛለህ» አሉና ትራሱ ላይ እግራቸውን ሰቀሉ። ከዚያ ወዲህ «ያውርዱ» እስኪባሉ ድረስ አላወረዱም። ወይዘሮ አስካለ ገበያውን ትተው አጠገባቸው ዋሉ። ክረምቱ ገብቶ ሲወጣ ቁስሉ ገጠመ።

ለወጣት ባልደረቦቼ የምለው አጭር ነው። የስኳር በሽተኛ «አላመመኝም» ሲላችሁ አትመኑት፤ እግሩን ራሳችሁ እዩ። የውሃ ሙቀት በእግሩ እንዳይለካም ንገሩት።

ሒሳቡ ይኸውና። ነገሩ ጋሼ ጉታን ሁለት ጣትና መሪያቸውን አስከፈላቸው፤ ከዚያ በኋላ ጋራዥ ውስጥ ዕቃ ሲያስረክቡ ኖሩ። ወይዘሮ አስካለን የገበያ ቦታቸውን። ሲስተር ፀዳለን ያን እግር ሲጠብቁ ሳይወጡ የቀሩበትን የዓመት ፈቃዳቸውን። እኔን ምንም አላስከፈለኝም፤ ሙያዬን የተማርኩት በሰው እግር ነው።