የመርፌ ክፍሉ መስኮት

ውባንቺን ቁጣዋ ቅርብ ነው ይሏታል። ታዲያ ምን ይሁን? ዓመት አልፎ ዓመት በመጣ ቁጥር የሳምባ ነቀርሳ በሽተኛ ፊቷ ላይ ሲስልባት የኖረች ድሬሰር ባትቆጣ ነበር የሚገርመው።

አባቷ አትክልት ተራ የሽንኩርት ጆንያ ሲያራግፉ የኖሩ ሰው ናቸው። ነጭ ጋወን ለብሳ ያዩዋት ቀን «ልጄስ ከጭቃ ወጣች» ብለው አልቅሰዋል። ወጥታ የገባችው ግን ከምን አለሽ ተራ ጀርባ ካለው ጤና ጣቢያ፣ መርፌ ክፍል ነበር። ክፍሉ ጠባብ ነው፤ ያለው አንድ መስኮት ነው፤ እሱም በሚስማር ተቸንክሯል። ያስቸነከረው አስተዳዳሪው ጓድ ፈለቀ ነው። መርፌ የሚቀቀልበት ቡታጋዝ በዚያ በኩል ከተሰረቀ ወዲህ «የሕዝብ ንብረት ነው» ብሎ ዘጋው። የሕዝቡ ሳምባ የማን ንብረት እንደሆነ የጠየቀው የለም። በሽተኛውም ቢሆን ደስ አለው። የኛ ሰው ሳምባ የሚይዘው ንፋስ ነው ብሎ ያምናል፤ መስኮት ሲከፈት ጋቢውን ይከናነባል፤ በዝግ ቤት ተፋፍጎ ሲሳሳል ግን ምንም አይመስለው።

ከሷ በፊት እዚያ ክፍል የሠራው ዱባለ ደም ሲተፋ «ሲጋራው ነው» ተባለና ተቀበረ። ቀጥሎ እሷ ከሳች። ሌሊት በላብ ትጠመቅ ጀመር፤ አክታዋ ተመረመረና በሽታው ተገኘባት። ጓድ ፈለቀ ቢሮው አስጠራት።

«በሽታውን ያመጣሽው ከሰፈርሽ ነው» አላት።

«ሰፈሬ ሰባተኛ ነው፤ እኔ ቤት የሚያስል ሰው የለም። እዚሁ ነው የያዘኝ። እባክዎ መስኮቱን ያስከፍቱት።»

«ይሄ አሉባልታ ነው። ሠራተኛውን ታስደነግጫለሽ።»

እሷን በሕመም ፈቃድ አስወጥቶ በቦታዋ ጀሚላን አስገባ። ጀሚላ ከወሎ የመጣች፣ ገና ጡት የምታጠባ ልጅ ናት። ውባንቺም በየማለዳው እየመጣች ከበሽተኞቹ ጋር ተሰልፋ፣ በራሷ ክፍል በጀሚላ እጅ መርፌ ትወጋ ጀመር። ሳሏ ሲመጣባት ፊቷን ወዴት ታዙር? ቢያዞሩት ግድግዳ ነው። ሕመሙን ችላዋለች። ያላስቻላት፣ ጀሚላ ከዚህ ወጥታ ልጇን እንደምታቅፍ ማሰቡ ነበር።

አንድ ጠዋት ከምን አለሽ ተራ ፒንሳ ተውሳ መጣችና ሚስማሮቹን ነቅላ መስኮቱን ከፈተችው። ሽማግሌው በሽተኛ ጋሽ እንድሪስ ግን ከአግዳሚው ተነስተው መልሰው ገጠሙት።

«ምን ነካሽ ልጄ፣ በብርድ ልትፈጂን ነው?» አሏት።

ልትጮህባቸው አፏን ከፈተችና ተወችው። የበሽተኛውን ወንበር አንስታ ግቢው ውስጥ፣ ፀሐይ ላይ አስቀመጠችው።

«እዚህ ብርድ የለም። ኑ ውጡ» አለች።

ንፋስ የሚሸሽ ሰው የጠዋት ፀሐይ አይጠላም። አንድ በአንድ ወጥተው ግድግዳውን ተደገፉ። ሴቶቹ ነጠላ ዘርግተው እርስ በርስ ተጋረዱ።

«እትዬ ውባንቺ፣ ጓድ ፈለቀ ይቆጡኛል እኮ» አለች ጀሚላ።

«ይቆጡ። ቁጣ አይገድልም።»

ወዲያው ጓድ ፈለቀ ደረሰ። «ይሄ ምን ጉድ ነው? መርፌ በአደባባይ? ወደ ውስጥ አስገቡ!» አለ። የተነቃነቀ የለም። ወንበሩን ራሱ ብድግ አደረገው። ከክፍሉ በር ሲደርስ ቆም አለ፤ ከኪሱ መሀረብ አወጣና አፍና አፍንጫውን ሸፈነ። ትንፋሹን ውጦ ገባ፤ ወንበሩን ወርውሮ እየተጣደፈ ወጣ።

የውባንቺ ደሟ ፈላ። እስከዚያች ሰዓት ድረስ አላዋቂ ነው ብላ ነበር፤ ይገባዋል ብላ ስትለምነው፣ ስታስረዳው ነበር። ለካስ ሰውየው ጥንቱንም ያውቃል። ዱባለን ሲቀብርም ያውቅ ነበር፤ ይህችን እመጫት ሲያስገባም ያውቅ ነበር።

«በሽታው ያለው ሰፈሬ ነው ብለውኝ ነበር» አለችው። «እዚህ ታዲያ መሀረቡ ለምንድነው?»

ጓድ ፈለቀ መሀረቡን ኪሱ ሲከት ጀሚላ ዓይኗን ሳትነቅል አየችው። ከዚያ ማንንም ሳታስፈቅድ ገባችና ወንበሩን ይዛ ወጣች።

«ጋሽ እንድሪስ፣ ተራው የእርስዎ ነው» አለች።