የወርቅነሽ ደብተር

ከደብረ ብርሃን የወጣሁ ዕለት፣ ገና ጎህ ሳይቀድ እናቴ ሁለት ጋቢ ደራርባብኝ ነበር። አይ እማዬ! ዲላ ስደርስ ላቤ ጠብ እያለ ሁለቱንም በፌስታል ተሸክሜ ወረድኩ። እናንተ እዚያ ያላችሁት «አገር ውስጥ ደግሞ የምን ስደት» ትላላችሁ አሉ። እስኪ ኑና ሞክሩት! ዝናቡ ሳይታሰብ ይወርዳል፣ ሰዉ ቆጮውን ሲያጣጥም እኔ የእናቴ በሶ ያምረኛል፣ ገበያ ውስጥ በአገሩ ቋንቋ በጌዴኡፋ ሲሳሳቁ በእኔ የሚስቁ ይመስለኛል።

አከራዬ እትዬ ዘነበች ባለሱቅ ናቸው።

«የምን አስተማሪ ነሽ?» አሉኝ ቁልፉን ሳይሰጡኝ።

«የእንግሊዝኛ። እንዴት እንደሚማሩ ነው የማስተምራቸው።»

«ኧረ በስመአብ! ለመማርም አስተማሪ መጣለት?»

ይሳቁ እንጂ ሥራዬ ይኸው ነበር። ልጆቹ ቃል መሸምደድ ይችላሉ፤ ምን እንዳልገባቸው ለይቶ ማወቅ ግን ያስፈራቸዋል። ስለዚህ ሁሉንም ደብተር አስያዝኳቸው። በየቀኑ ያልገባቸውን፣ ለመረዳትም ምን እንደሞከሩ ይጽፋሉ፤ እንግሊዝኛው ሲያቅታቸው በአማርኛም በጌዴኡፋም። «ማርክ የለውም፤ ከእኔ በቀር ማንም አያየውም» ብዬ ማልኩላቸው።

ከሁሉም ያመነችኝ ወርቅነሽ ናት። ከገጠር፣ ከአሪቻ መጥታ ለተመረጡ ተማሪዎች በተዘጋጀው አዳሪ ቤት ነበር የምትኖረው። ያ አልጋ ከቀረባት አባቷ ዲላ ላይ ቤት ሊከራዩላት አይችሉም፤ ትምህርቷ አበቃ ማለት ነው። «ዛሬ ሦስት ቃል አልገባኝም» ብላ ትጽፋለች። «አንዱን ከዙሪያው ገመትኩ። አንዱን ጓደኛዬን ጠየቅኩ። አንዱ እምቢ አለኝ፤ ነገ እታገለዋለሁ።» እያነበብኩ ብቻዬን እስቅ ነበር፣ ደስ ብሎኝ።

አንድ ቀን ርዕሰ መምህሩ ጠሩኝ። ሱፐርቫይዘር ሊመጣ ነው፣ የሥራሽን ማስረጃ አምጪ አሉኝ። እኔ ጉረኛዋ! ልዩነቱን እንዲያዩት ብዬ አምስት ደብተር መረጥኩና የወርቅነሽን ከላይ አድርጌ ወሰድኩላቸው። መሐላዬ ትዝ ያላለኝ እንዳይመስላችሁ፤ ትዝ ብሎኝ ነው የሰጠኋቸው።

በሳምንቱ መልሰው ጠሩኝ።

«ይቺ ልጅ ከመስከረም ጀምሮ አንድ ቀን እንኳ ገብቷት አያውቅም እንዴ?»

«ጎበዝ ስለሆነች እኮ ነው የጻፈችው!»

«እነዚህ አራቱ ‹ሁሉም ገብቶኛል› ብለዋል።»

«እነሱማ ምንም ስላልገባቸው ነው!»

«እንግዲህ አንቺ የገባው አልገባውም፣ ያልገባው ገብቶታል ትያለሽ። ይሄን ምን ብዬ ሪፖርት ላድርገው?»

ለመንኳቸው፣ ጮህኩባቸው፣ ደግሞ ይቅርታ ጠየቅኩ። ወርቅነሽ «ደካማ» ተብላ ከአዳሪ ቤቱ ተሰረዘች። ዕቃዋን ጠቅልላ ደጄ ድረስ መጣች።

«ቲቸር፣ ማንም አያየውም ብለሽን ነበር እኮ» አለችኝ። አላለቀሰችም።

ከወር በኋላ፣ ቅዳሜ፣ አሪቻ ሄድኩ። ቡና ማጠቢያው ጋ፣ ከተሰጣው እሸት ቡና ላይ ብልሹውን ስትለቅም አገኘኋት። አባቷ ከመቀመጫቸው ተነሥተው በሁለት እጃቸው ጨበጡኝ።

«መምህርት፣ አንቺ ምን አጠፋሽ? ጥፋቱ የእሷ ነው። ያልገባትን ምን አስጻፋት?»

ምነው በሰደቡኝ! ወርቅነሽ ቀና ብላ እጄን አየች።

«ደብተሬን አመጣሽልኝ?»

አላመጣሁም። ማኅተም ተመትቶበት የትምህርት ቤቱ ፋይል ውስጥ ገብቷል፤ ብጠይቅም «ማስረጃ አይወጣም» ተብያለሁ።

ስመለስ ሚኒባሱ ውስጥ እናቴ ደወለች።

«ድምፅሽ ምን ሆነ? ልጆቹ አስቸገሩሽ?»

«አይ እማዬ፣ እኔ ነኝ ያስቸገርኳቸው» አልኩና ሰው ፊት አለቀስኩ።

«በቃ ተይው፣ ልጄ። ነይ፤ አልጋሽ እንደተነጠፈ ነው» አለችኝ።

የእኔስ ተነጥፏል። የወርቅነሽ አልጋ ላይ ግን «ሁሉም ገብቶኛል» ያለች ልጅ ተኝታበታለች፤ ሰኞ ጠዋት እሷን ነው የማስተምረው።