እስከ ገፈርሳ ብቻ

ከቡራዩ ወደ ገፈርሳ በሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ፣ መስኮት ዳር የተቀመጠችውን ባለ ነጠላ ሴት ደስታው አላስቀምጥ ብሏታል። በልጅነቷ «ሰይጣን አለብሽ» እየተባለች በጸሎት ስም ተገርፋለች፤ ዛሬም በቤተ ክርስቲያን ደጅ ስታልፍ በፍርሃት ከሁሉ ቀድማ ታማትባለች። አሁን ግን እቁብ ወጥቶላት የግል የሥነ ልቦና ባለሙያ እየመረጠች ነው። አንዱ «ጸበል ሞክረሻል?» አላት፤ ሌላዋ «በጸሎት እንጀምራለን» አለቻት፤ ሁለቱንም ተወቻቸው። ሦስተኛዋን እዚያው ሚኒባሱ ውስጥ ሆና በስልክ ጠየቀቻት፦

«በቤተ ክርስቲያን ደጅ ሳላማትብ ባልፍ ትቆጪኛለሽ?»

«እኔ ምን አገባኝ የኔ እህት! የከፈልሽበት ሰዓት ያንቺ ነው።»

«በቃ፣ አንቺው ነሽ! ማክሰኞ መጣሁ!»

ወዲያው የአንድ ቤተ ክርስቲያን ጉልላት ብቅ አለ፤ ተሳፋሪው ሁሉ አማተበ። እሷም እጇን አነሳች፤ አነሳችና መስኮቱን ወለል አድርጋ ከፈተችው።

«ዝጊው እንጂ ልጄ፣ ንፋስ ይመታናል!» አሉ ከኋላ አንዲት አሮጊት።

«ይቅርታ እማማ፣ እስከ ገፈርሳ ብቻ!»