በግዙፍ ሰው ልክ

በሲቲ ስካን ክፍሉ ደጃፍ የተቀመጡት ደቃቃ እናት ከዛሬ ጀምሮ መቶ ኪሎ የሚመዝኑ ግዙፍ ሰው እንዲሆኑ ታውጇል! አዋጁን ያጸደቀው የማሽኑ ባለሙያ ነው። ከእሳቸው በፊት የገባው ሰውዬ በሩን ያለፈው በጎኑ ነበር። ለእሱ የተሞላውን የጨረር መጠን ለእሳቸው ዝቅ ለማድረግ ጥቂት ቁልፍ መንካት ይበቃል፤ ባለሙያው ግን ጣቱን ለስልኩ ቆጥቦታል።

ካንሰሩ አክስቷቸዋል። የሰፋቸውን ቀሚስ ወገባቸው ላይ በመርፌ ቁልፍ ሰብስበውት ነበር፤ ብረት ይዞ መግባት ክልክል ነው ሲባሉ ነቅለው ጨርቁን በእጃቸው ጨበጡት። ሰው ባለፈ ቁጥር እግራቸውን ወንበሩ ሥር ይሸጉጣሉ፤ በሽታቸው ራሱ ቦታ ያጣበበ ይመስላቸዋል። ምርመራውን አይጠሉትም፤ ዕጢው መክሰሙን የሚነግራቸው እሱ ነው። ነገር ግን ሲመላለሱ ከርመዋል፣ ገና ይመላለሳሉም፤ ጨረሩ ደግሞ በላይ በላዩ ነው።

«የኔ ልጅ፣ ሐኪሜ በሰውነት ልክ ይቀነሳል ብለውኛል። ለእኔ ቀነስ አታደርግልኝም?»

«እማማ፣ እዚህ ቤት አድልዎ የለም! ለሁሉም እኩል ነው።»

«እኩልማ ከሆነ፣ ና አብረኸኝ ተኛ።»

ሳቀ። እየሳቀም ማሽኑ ላይ አስተኝቷቸው ወጣና ጨረር እንዳያሳልፍ እርሳስ የተለበጠውን በር ከኋላው ጠረቀመ። ለራሱ ሲሆን ጨረር መፍራት ማን ብሎት!

አንባቢ ሆይ፣ እሳቸው አሁን ተጋድመዋል። ትንፋሽ ያዙ ስለተባሉ መናገር አይችሉም። አንተ ግን ትችላለህና፣ እባክህ ማሽኑ ሳይጀምር በሩን አንኳኳና...