ለዘር የተቀመጠው ኪኒን

ቁሐር ሚካኤል ቀበሌ ሩዝ የሚያርስ የቀድሞ ተማሪዬ በወባ ተኝቷል ሲሉኝ፣ ከወረታ ልጠይቀው ሄድሁና ድኖ አገኘሁት። ልታረም፤ የዳነ መስሎት አገኘሁት። ግማሹን ኪኒን በጨርቅ ቋጥሮ ከዘር ሩዙ ጎን አስቀምጦታል።

«ምነው ተውኸው?» አልሁት።

«ተሻለኝ። ወባ እንደሁ ለከርሞም አይቀርልን፤ ዘር ሳላስቀር ልጨርሰው፣ መምህር?»

ትኩሳቱ ቢበርድም በሽታው ደሙ ውስጥ ተርፎ መልሶ ሊጥለው እንደሚችል፣ ስለዚህም የታዘዘው ሁሉ መዋጥ እንዳለበት በሰፊው አስረዳሁት። በጥሞና ሰማኝ፤ አመነኝም። እኔም በማስተማሬ ረካሁ። ወዲያው ቋጠሮውን ፈትቶ ኪኒኑን በሙሉ መዳፉ ላይ ዘረገፈና ውኃ አነሣ።

እጁን አፈፍ አድርጌ ያዝሁት። «ጤና ጣቢያው እንዳዘዘልህ፣ ሰዓቱን እየጠበቅህ ነው የምትውጠው።»

«ምነው መምህር፣» አለኝ አዝኖ፣ «ገና ሳምንዎት ሐሳብዎን ቀየሩ?»