የኦርፓ አሥር ዜሮዎች

ዶርካስ ሴላን የተባለችው አዋላጅ በአንዲት የቲሞር ደሴት ተራራማ መንደር አሥራ ስድስት ዓመት ስትሠራ፣ አፏን ሞልታ የምትኮራበት አንድ ሥራ ነበራት፤ አራሶችን ከክቡ ጎጆ ማስወጣቷ። በደንቡ አራስ አርባ ቀን ከጎጆ አትወጣም። ከአልጋዋ ሥር እሳት ይነድዳል፤ እናቷ ወይም አማቷ እሳቱን እየቆሰቆሰች ከጎኗ ትቀመጣለች። ዶርካስ ጭሱን አምርራ ትጠላዋለች። እውነቷን ነው፤ ስንት ጨቅላ በሳል ሲሰቃይ አይታለች። ቤት ለቤት እየዞረች ስትጨቀጭቅ፣ አንዳንዴም ስታስፈራራ ከርማ፣ ዘንድሮ ጎጆ የገባች አራስ አልነበረችም። ወጣቷ ኦርፓም የበኩር ልጇን ታቅፋ በቆርቆሮው ቤት፣ ነጭ በተቀባው ክፍል ተኛች።

ለአዋላጆች በስልክ የሚሰጠው ሥልጠና የመጣው በዚሁ ሰሞን ነው። ዶርካስ በየሐሙሱ ኔትወርክ ወደሚገኝበት ጉብታ ትወጣና ዛፍ ሥር ስልኳን ይዛ ትቀመጣለች። ከከተማ የምታስተምራቸው ሐኪም ስለ አራሶች የመንፈስ ጭንቀት አስረድታ፣ ለየእናቱ የሚቀርቡ አሥር ጥያቄዎች ሰጠቻቸው። መልሱ በቁጥር ይሞላል፤ ዜሮ ማለት ምንም የለባትም ማለት ነው። አሥረኛው ጥያቄ ራስሽን ለመጉዳት አስበሽ ታውቂያለሽ ወይ የሚል ነው።

"ብቻዋን አድርጋችሁ፣ አጠገቧ ቁጭ ብላችሁ ጠይቁ። እንዳትቸኩሉ" ብላ ነበር ሐኪሟ።

የዶርካስ አራሶች አሥራ አራት ናቸው። ቅጹ ቅዳሜ ይዘጋል፤ ሰማዩም ጠቁሯል። ኦርፓ ቤት ስትደርስ በሩ ላይ እንደቆመች አንገቷን አስገባች። ልጅቷ ገላዋን ታጥባ ጠጉሯን አበጥራለች።

"ደህና ነሽ አይደል የኔ ልጅ?"

"ደህና ነኝ ማማ።"

ይኸው ነው። ዶርካስ ዛፏ ሥር ተመልሳ አሥር ጊዜ ዜሮን ነካች። የሥልጠናው የምስክር ወረቀትም መጣላት፤ ጤና ኬላው ግድግዳ ላይ ሰቀለችው።

ቅጹን በሞላች በዘጠነኛው ቀን ጠዋት የኦርፓ አማት ፍራንሲና ነጠላ ጫማዋ ከእግሯ ወልቆ እየሮጠች መጣች።

"ዶርካስ! ኧረ ድረሺ! ኦርፓ ጉድጓዱ አፍ ላይ ተቀምጣለች!"

ሲደርሱ ሕፃኑ በቆሎው ማሳ ዳር በጨርቅ ተጠቅልሎ ተኝቷል። ኦርፓ እግሮቿን ወደ ውሃው ጉድጓድ ሰዳ ተቀምጣለች። ዶርካስ ቀስ ብላ ተጠግታ ወገቧን ያዘቻትና ሳባ አወጣቻት። ልጅቷ አልታገለችም። ፍራንሲና ሕፃኑን አንስታ መጣች፤ ሣሩ ላይ ተያይዘው ቁጭ አሉ።

"ለምን አልነገርሽኝም?" አለች ፍራንሲና እያለቀሰች።

"ለማን ልንገር? ጠዋት ትወጫለሽ፣ ማታ ትገቢያለሽ። ያ ክፍል ዝም ይላል፤ ልጁ ያለቅሳል፤ እኔም አለቅሳለሁ።"

"እኔ ምን ላድርግ? እሳት ቢኖር እሳቱን እጠብቅ ነበር! ይቺ ናት" አለች ወደ ዶርካስ እየጠቆመች፣ "እሳት አታንድዱ ያለችን። እሳት ከሌለ ምን ጎልቶኝ እዚያ እቀመጣለሁ ብዬ እርሻዬ ወረድኩ።"

ዶርካስ ክው አለች። ጭሱን ስታባርር፣ እሳቱ አጠገብ የምትቀመጠውንም ሴት አብራ ማባረሯን በአሥራ ስድስት ዓመት አንድ ቀን አስባው አታውቅም። አንድ ቀን እንኳ! ይህስ አለማወቅ ነው ይባል። በሩ ላይ ቆማ መጠየቋ ግን አለማወቅ አልነበረም። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ይባላል፤ እሷ ልታፈሰው የነበረው የሚለቀም ነገር አይደለም።

"አማትሽ ከዛሬ ጀምሮ አጠገብሽ ትውላለች" አለች ወደ ኦርፓ ዞራ። "እሳቱ ደጅ ይነድዳል፤ እሷ ግን ከአንቺ አትለይም። ሐኪሟ ዘንድም አብሬሽ እሄዳለሁ። አሁን የምጠይቅሽ አለ።"

ፍራንሲና ሕፃኑን ይዛ ጥቂት ፈቀቅ ስትል፣ ዶርካስ ስልኳ ላይ ተቀምጦ የነበረውን ቅጽ ከፈተች። ቀድሞ የሞላችው መልስ የኦርፓን ስም ተሸክሞ ብቅ አለ። ልትደብቀው እጇ ሄደና መለሰችው። ኦርፓ ማንበብ ታውቃለች፤ ጣቷን እያስኬደች ዜሮዎቹን እስከ ታች ድረስ አየቻቸው።

"ይሄን ማን መለሰው?"

"እኔ ነኝ" አለች ዶርካስ። "ሳልጠይቅሽ ሞላሁት። ይቅር በይኝ።"

 ኦርፓ ስልኩን ወደ ዶርካስ ገፋችው።

"ከአሥረኛው ጀምሪ፣ ማማ።"