ሰው የማይጠፋበት ቤት

ታላቅ እህቴ ጉርድ ሾላ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ብቻዋን ትኖራለች። ብቻዋን ማለትም ይከብዳል፤ ከቤቷ ሰው አይጠፋም። እሁድ እሁድ ወንድምና እህቶቿ እዚያው ነን፤ የማኅበር ጓደኞቿና የመሥሪያ ቤት ሰዎቿም ይመጣሉ። ከሳቋ የተነሳ ጎረቤት እንኳ መምጣታችንን ያውቃል። ስለዚህ አንድ ጠዋት ከሆስፒታል ተደውሎ "እህትሽ ራሷን ጎድታ እዚህ ናት" ስባል፣ በስህተት የደወሉልኝ መሰለኝ።

ስደርስ ክንዷ በፋሻ ተጠቅልሎ አልጋው ላይ ተቀምጣለች። አጠገቧ ተቀመጥኩ።

"ሰው አጥተሽ ነው?" አልኳት።

"ሰውማ ሞልቶኛል።"

"ታዲያ?"

"ስትመጡ እስቃለሁ። ስትወጡ በሩን ዘግቼ እዚያው ወለሉ ላይ እተኛለሁ። ለምን እንደሆነ እኔም አላውቅም።"

ሐኪሟ የድባቴ ሕመም ነው ብለው ሕክምና አስጀመሯት። እኛም ብቻዋን እንዳትሆን ተራ ገባን። ወንድማችን ጠበል እንውሰዳት ይላል፣ ታናሽ እህታችን ሐዋሳ ሄዳ ትናፈስ ትላለች፣ የሚመጣው ሁሉ "በርቺ እንጂ!" ይላታል። ሰው በተሰበሰበበት መሃል ዓይኗ ፈዝዞ ሳይ፣ እንቆይላት ወይስ እንውጣላት፣ ግራ ይገባኝ ነበር።

አንድ ቅዳሜ ተራዬ ደርሶ ሄድኩ። በሩን ከፍታ፣

"ዛሬ መሳቅ አልችልም" አለችኝ።

"አትሳቂያ።"

ሶፋው ላይ ጋደም አለች። እኔ የምሠራው ስላጣሁ የታጠበ ልብሷን ማጠፍ ጀመርኩ። እንቅልፍ ወሰዳት፤ ስትነቃ ትንሽ አለቀሰች፣ እኔም ማጠፌን ቀጠልኩ። ልወጣ ስል "ነገም ነይ" አለች። ከዚያ በፊት ነይ ብላኝ አታውቅም፤ ሳትጠራን ነበር የምንሄደው።

አሁን መድኃኒቷን ትወስዳለች፤ ሥራዋንም ቀጥላለች። ሲከብዳት ትደውልልኛለች። አንዳንዴ አትደውልም፣ ያን ጊዜ እኔ እደውላለሁ።

በቀደም ከቦሌ መድኃኔዓለም አካባቢ ወደ ታክሲ እየሄድን ሳለ፣ "የረዳሽ ግን ምንድን ነው?" አልኳት።

ቆማ አሰበች። "እናንተ ባትኖሩ አልተርፍም ነበር" አለች። ጥቂት እንደሄድን ደግሞ "የከበዳችሁኝም እናንተው ናችሁ" አለች።

"የቱን ልመን?"

"እኔ እንጃ። ሁለቱንም።"

ለእሷም የገባት አይመስለኝም። ክንዴን ይዛ መንገዱን ተሻገርን።